የእትዬ ናዒማ «ከዚያስ?»

የትም አገር፣ የትም ሰፈር ሂዱ፤ የተጀመረ ነገር የሚያልቀው «ከዚያስ?» የምትል አንዲት ሴት ስላለች ብቻ ነው። ጀማሪ ሞልቷል፤ ሐሳብ አመንጪም ሞልቷል። በተለይ እኛ ጅቡቲ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ከገባ በኋላ ከተማው በሙሉ ባለ ሐሳብ ነው፤ ፎቅ ይቆማል፣ መርከብ ይገዛል፣ አገር ይቀናል። በማግስቱ ጠዋት ግን አንዲት ጡብ የሚያቀብል አይገኝም።

በኛ ሰፈር፣ በካርቲየ ሰባት፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ ናዒማ ናቸው። ድሬዳዋ ተወልደው እዚህ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ካርቲየ አምስት ድረስ የሚሰማ ሴት። ማንም አልሾማቸውም። ግን ሰው ሲሞትም፣ ሲያገባም፣ ጣሪያ ሲያፈስም መጀመሪያ የሚንኳኳው የሳቸው በር ነው።

እኔ ሌሊት አንብቤ ቀን የምተኛ፣ ሰው ሲበዛ የሚጨንቀኝ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ስለ ፕሮጀክት አመራር የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ እጄ ገባ። ሥራውን ከነልኩ ወስን፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ባለቤት ስጥ፣ ጊዜውን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠር፣ የሚበላሸውን ሳይበላሽ አስብ ይላል። ምዕራፍ በገለጥኩ ቁጥር እትዬ ናዒማ ብቅ ይላሉ። ደራሲው እኛ ሰፈር ሠርግ ተጠርቶ ነበር እንዴ አልኩ።

ለምሳሌ የሰፈሩ ጎረምሶች የአንዲት ባልቴት ጣሪያ ሊቀይሩ ወጥተው አሮጌውን ቆርቆሮ መንቀል ሲጀምሩ፣ እትዬ ናዒማ እታች ቆመው «አዲሱ የት ነው?» አሉ።

«መንገድ ላይ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አሮጌውም እቦታው ይቆይ። ሴትዮዋን ሰማይ ልታለብሷት ነው?»

አዲሱ ቆርቆሮ የመጣው ከወር በኋላ ነው።

የሳቸው ታላቅ ሥራ ግን የእህቴ የሂንድ ሠርግ ነበር። ጊዜው 2012፣ ቀኑ ሐሙስ። እጮኛዋ ሙሕሲን የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው፤ መርከቡ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ይነሳል፣ ከተነሳ ደግሞ ዓመት ነው። ባለፈው ዓመትም «ነገ ይሁን፣ ነገ ይሁን» ሲባል ሄዶባታል። ሂንድ ዘንድሮም ካመለጣት ሁለተኛ ስለ ሠርግ እንዳናነሳባት ቁርጡን ነግራናለች።

እትዬ ናዒማ ኒካሑ ከሚታሰርበት ከሐሙስ ዓስር ሶላት፣ ከአሥር ሰዓት ገደማ፣ ተነስተው ወደ ኋላ ቆጠሩ። «ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚሠራ ሥራ የለም» ብለው አወጁ። «ጫት ከገባ ወንድ ልጅ ቤት ውስጥ የሚቆጠረው ከትራስ ጋር ነው።» ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሥጋውም ሳይረፍድ እንዲያልቅ ተወሰነ። አክስቴ ከድሬ ዘፋኞች ይጨመሩ ስትል አልተቆጡም። «ይጨመሩ። ታዲያ የቱን እንቀንስ? ምግቡን ወይስ ሙሽራውን?» አሏት። አክስቴ ዘፋኞቹን ረሳቻቸው።

በረዶ እንዲያመጣ የታዘዘው ጎረቤታችን ዓብዱሰመድ «ኢንሻአላህ» ሲል ክንዱን ያዙት።

«በአላህ መሻት አልጠራጠርም። የምጠራጠረው አንተን ነው። ስንት ሰዓት?»

«አምስት ሰዓት፣ እትዬ።»

«አሁን ኢንሻአላህ በል።»

ስለ እያንዳንዱ ነገር «ማን ነው የያዘው?» ብለው ይጠይቃሉ። «እኛ» የሚል መልስ አይቀበሉም፤ የሁለት ሰው ድስት ያርራል ባይ ናቸው። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። «ነጅሙዲን፣ አንተ ሥራ የለህም። ሐሙስ ታጥበህ፣ ነጭ ልብስ ለብሰህ ቁጭ በል» አሉኝ። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ግቢ መሀል አቁመው «እስቲ ስምህን ከነአባትህ ጮክ ብለህ ጥራ፤ በሩ ጋ ይሰማ» አሉኝ። ጠራሁ። «ይበቃል» ብለው ሄዱ። ለምንም የማልሆን መሆኔን አረጋግጠው የሄዱ መሰለኝ።

አባታችን ሞቷል፤ በአባት ቦታ ሆኖ ሂንድን የሚድራት አጎታችን ከሊፋ ነው ተብሏል። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ከድሬዳዋ በመኪና ተነስቷል፤ የሠርጉን ጫትም ይዟል። ሐሙስ ዓስር ሊሰገድ ሲል ስልክ ደወለ። ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ጋ፣ ደረቁ ወንዝ በጎርፍ ሞልቶ መኪናው ወዲያ ማዶ ቀርቷል። «እኔ ሳልመጣ ኒካሑን እንዳታስሩ! ነገ ጠብቁኝ!»

ኒካሑን የሚያስሩት ሼኽ ተቀምጠዋል። ሙሕሲን ላቡን ይጠርጋል። ሂንድ ከሴቶቹ ክፍል መጋረጃውን ገልጣ ታያለች። ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ ትልቅ ሰው ነው፣ ይከፋዋል» ማለት ሲጀምሩ እትዬ ናዒማ ስልኩን ተቀበሉ።

«ከሊፋ፣ ወንዙ የሞላው ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ።»

«ሰባት ሰዓት ላይስ የት ነበርክ?»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሯቸው አዙረው ራሳቸው መለሱ።

«እዚያው ወንዙ ዳር፣ ጥላ ሥር፣ የሠርጉን ጫት እየቀመስክ። አይደለም?»

«ለመቅመስ ያህል ነው፣ ናዒማ…»

«አፉ ብያለሁ፣ ይቅር። ነጅሙዲን ይዳራት በል፤ ስልኩን ለሼኹ ልስጥ።»

አጎቴ ለሼኹ በገዛ አንደበቱ «ይዳራት» አለ። ሼኹም ሳቁ። «ድሮስ ወንድም እያለ አጎት የጠበቅነው ለክብሩ ብለን ነው» አሉ።

«ከዚያስ?» አሉ እትዬ ናዒማ፣ ወደኔ ዞረው።

ነጭ ልብሴን ለብሼ፣ ታጥቤ፣ ቁጭ ብዬ ነበር። ግቢ ሙሉ ሰው አየኝ። ስሜን ከነአባቴ ጠራሁ፤ ድምፄ በሩ ጋ ተሰማ። እህቴን ዳርኳት። ጫቱም ቢሆን አልጎደለም፤ ለካስ እትዬ ናዒማ ለጫትም ሌላ ያዥ ነበራቸው።

ሕዝቡ ሲበላ ቀስ ብዬ ወደ ክፍሌ ልሾልክ ስል በር ላይ ጠበቁኝ። ሥጋ ከነሩዙ የሞላበት ሰሃን እጄ ላይ አኖሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እኔን ያሰቡኝ?» አልኳቸው።

«ከሊፋ ጫቱን እኔ አመጣለሁ ካለ ጀምሮ። ደግሞ ያንን ሁሉ ስታነብ የምትከርመው አንድ ቀን ጮክ ብለህ እንድትናገር አይደለም እንዴ?» አሉ። መልሴን ግን አልጠበቁም። «ሰሃኑን ማን ነው የያዘው?»

«እኔ።»

«ነገ የምትመልሰው ስንት ሰዓት ነው?»

«ኢንሻ…» ብዬ ጀመርኩና ዓይናቸውን አየሁ። «ሦስት ሰዓት» አልኩ።

ዓርብ ቀን አልተኛሁም። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰሃኑን አጥቤ በራቸው ላይ ቆሜ ነበር።