ሕፃን እንደ ቅርጫ

ሕፃን ሲወለድ እንደ ቅርጫ ሥጋ የሚከፋፈሉ ሰዎች አላጋጠሟችሁም? እኔ ከአንዷ ጋር በጋብቻ ተዛምጃለሁ። ትልቋ ልጄ ዲላ ከተማ ስትወልድ የባሏ እናት ከገደብ ከተማ መጡና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳይሉ፣ «አፍንጫው የእኛ፣ ግንባሩ የእኛ፤ ስሙንም እኛ እናወጣለን» አሉ። ለእኛ ወገን ምን ተረፈ? ጆሮ እንኳን አልደረሰንም።

ፍርድ ፍለጋ አጠገባችን ወደተቀመጠችው፣ ዩኒቨርሲቲ ወደምትማረው ትንሿ ልጄ ዞርኩ።

«እማዬ፣ ብዙው ዘረመል ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ አለው» አለች።

ደስ አለኝ። ትክክለኛ ክፍፍል ማለት ይህ ነው።

«አንዳንዱ ላይ ግን ፅንሱ ገና ጥቂት ሴል ሳለ ጀምሮ የአንዱ ወገን ቅጂ ዝም ይላል። አለ፣ ግን አይሠራም።»

«ያለ ሽማግሌ? ማን ፈረደበት?» አልኩ።

«ዝም ያለው የእናንተ ነዋ» አሉ የገደቧ።

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ እትዬ።»

በዚህ መሃል ሕፃኑ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸ። ይህ ጉሮሮስ የማን ነው? እሳቸው እኔን አዩ፣ እኔ እሳቸውን። ያንን ድርሻ የሚያነሳ ጠፋ። ሁለት አያቶች እንደ ሁለት ቅጂ ዝም ባልንበት፣ አራሷ ልጄ ሕፃኑን አቅፋ ስሙን ራሷ አወጣች።