የኮሌጆች ደረጃ በጋሽ አሊዪ ሻይ ቤት

አገር ምድሩን ብትዞሩ፣ ደጁን ላልረገጠው ትምህርት ቤት ደረጃ የሚያወጣ ሰው የሌለበት ከተማ አታገኙም። ዳኛ የሌለው ከተማ አለ፤ ሐኪም የሌለውማ ሞልቷል። ይሄ ሰው ግን የትም አይጠፋም። ራሱ ከቁርአን ቤት ወይም ከዳዊት አላለፈም። ነገር ግን የትኛው ኮሌጅ ከየትኛው እንደሚበልጥ ጠይቁት፤ ሳያስነጥስ ይነግራችኋል።

የሸዋ ሮቢቱ ክቡር ጋሽ አሊዪ ናቸው።

ክቡርነታቸው ከአውቶብስ መቆሚያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት አላቸው። ከደሴ የሚመጣውም፣ ጣርማ በርን ወርዶ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም አውቶብስ ለምሳ የሚቆመው ሮቢት ነው። ተሳፋሪው ክርስቲያኑ በክርስቲያን ቤት፣ ሙስሊሙ በሙስሊም ቤት ምሳውን ይበላና ለሻይ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይሰበሰባል። ሻይ ሥጋ አይደል። ተማሪ የመጣ እንደሆን ጋሽ አሊዪ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ "የት ነው የምትማረው?" ብለው ይጠይቁና ቆመው ያዩታል። አያቶቻቸው አሊዩ አምባ ገበያ ላይ አሞሌ ጨው በዓይን ብቻ የሚገምቱ ነጋዴዎች ነበሩ ይባላል። የልጅ ልጅየው ደግሞ ኮሌጅ ይገምታሉ።

አለማያ አንደኛ የወጣችው በፓፓያ ነው። አንድ የአለማያ ተማሪ ፓፓያ በልቶ ፍሬውን በመሐረቡ ቋጥሮ ኪሱ ከተተ። "ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ!" አሉ ጋሽ አሊዪ፤ ይቺ ማኅተማቸው ናት። "ሌላው የሚተፋውን እሱ ቋጠረ። ትምህርት ማለት ይሄ ነው!" አስመራ ሁለተኛ የሆነችው ከዚያ የመጣው ልጅ ማኪያቶ ስላዘዘ ነው። ማኪያቶ ምን እንደሆነ ጋሽ አሊዪ አያውቁም። ቢሆንም ሮቢት ላይ የሌለ ነገር በሙሉ ልብ የሚያዝ ሰው ከትልቅ ቦታ መምጣት አለበት። ስድስት ኪሎ ሦስተኛ ናት፤ "ሻዩን ሳይጠጣ ስለ ሻዩ ይከራከራል።" የባሕር ዳሩ ተማሪ ጸጥ ያለውን ሬዲዮናቸውን ያናገረላቸው ጊዜማ ባሕር ዳር ሁሉንም በልጣ ነበር፤ የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ያለቀ ዕለት አራተኛ ወረደች።

ጎንደር መጨረሻ ናት። ለምን ሲባሉ ጋሽ አሊዪ ማንቆርቆሪያቸውን አንስተው ይሄዳሉ። "ስለ ጎንደር አትጠይቁኝ። ያየሁትን አይቻለሁ።" ያዩት ምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይሉም።

ይሄ ሁሉ ከሻይ ቤቱ ማዶ ለምትኖረው ለየሺ ጨዋታ ነበር። ታናሽ እህቷ ፈለቀች ማትሪክ አልፋ፣ ነርስነት እንድትማር ጎንደር ጤና ኮሌጅ ሲደርሳት ግን ጨዋታነቱ ቀረ። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ የመጡት ጎረቤቶች "ጎንደር ነው" ሲባሉ እንደ ለቀስተኛ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አይዞሽ፣ ከመቅረት ይሻላል" አለች አንዷ። "ጋሽ አሊዪ መጨረሻ ነው የሚሉት አይደል?" አለች ሌላዋ፣ የምታጽናና መስሏት።

ፈለቀች ያመጡላትን ሎሚ ሳትነካ ተነሣች። "አልሄድም። ዘንድሮ ቤት እቀመጥና ለከርሞ ወይ አለማያ ወይ ስድስት ኪሎ እገባለሁ።"

ይቺን "ለከርሞ" የምትባል ቃል የሺ በደንብ ታውቃታለች። ዐሥረኛን ጨርሳ "ለከርሞ እቀጥላለሁ" እንዳለች ነው የተዳረችው። ባሏ ክፉ አይደለም፤ ጀርባዋ ላይ የምታንቀላፋው ልጇም የዓይኗ ብርሃን ናት። ቢሆንም ያ ከርሞ እስከ ዛሬ አልመጣም። ለፈለቀችም ጠያቂው ደጅ ቆሟል፤ የማጀቴው እህል ነጋዴ አቶ ሀይሉ። አባታቸው ቁርጡን ተናግረዋል፦ "ትማራለች ከተባለ ትሂድ። ቤት የምትቀመጥ ከሆነ ግን የሀይሉን ሽማግሌዎች መልሼ አልልክም።"

አቶ ሀይሉ ከማጀቴ በመጣ ቁጥር የሚቀመጠው ደግሞ የት ነው? ጋሽ አሊዪ ሻይ ቤት፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ካለችው ወንበር ላይ። የሺ ከመንገዱ ማዶ ሆና ስታይ፣ ለሌላው ስኳር እንደ መድኃኒት ለክተው የሚሰጡት ጋሽ አሊዪ ለሀይሉ በማንኪያ ይቆልሉለታል። ነገሩ ገባት። "አሃ! ጎንደር ዝም ብላ አይደለም መጨረሻ የሆነችው፤ ፈለቀችን ለሀይሉ ለማስቀረት ነው።"

ልጇን አጥብቃ አዝላ መንገዱን ተሻገረች።

"ጋሽ አሊዪ፣ እስቲ ይቺን ጎንደርን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።"

"ደረጃ በአማላጅ አይወጣም፣ የሺዬ። ዛሬ ላንቺ ጎንደርን ባነሣ፣ ነገ የጀውሃ ሰው መጥቶ አስመራን አውርድልኝ ይለኛል።"

"ሦስተኛ እንኳ?"

"አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርት ነው እንዴ የምንከራከረው?"

"ስኳሩን ለማን እንደሚያበዙት አይቻለሁ" አለች የሺ።

ጋሽ አሊዪ ፊታቸውን አዞሩ። ለየሺ ይሄ ከእምነት ቃል አይተናነስም ነበር።

ልትወጣ ስትል ባለቤታቸው እትዬ ሙሀባ ከጓዳ ጠቀሷትና ብርጭቆ ሁሉ እየተነከረ የሚወጣበትን ሳፋ አሳዩዋት። "የጎንደር ነገር ይሄ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "አንድ ነጭ ካፖርት የለበሰ የጎንደር ተማሪ ለልምምድ መጥቶ፣ የደሴ ተሳፋሪ ሁሉ ባለበት እዚህ ላይ ጎንበስ አለና 'አባቴ፣ ሾርባም ትሸጣላችሁ እንዴ?' አይላቸው መሰለሽ! ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ጎንደር አልተነሣችም።"

የሺ ወደ ሳፋው አየች። ልጁ መሳሳቱ አይፈረድበትም፤ ቅመም ብቻ ነው የጎደለው። ጥርጣሬዋ በረደ ግን አትበሉ። እስከ አሁን የጠረጠረችው ስኳሩን ነበር፤ አሁን ሳፋው ተጨመረ።

የምዝገባው ጊዜ ደረሰ። ፈለቀች በማግስቱ አውቶብስ ካልተሳፈረች ጎንደር ያልፋታል። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበርና የሺ እህቷን ዘንቢል አስይዛ ይዛት ወጣች፤ መንገድ ላይ እለምናታለሁ ብላ። ሻይ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አቶ ሀይሉ ከወንበሩ ሳይነሣ ተጣራ።

"ፈለቀች! ነይ ሻይ ጠጪ እንጂ! ጎንደር ቀረ አሉ፤ ደግ አደረግሽ። የመጨረሻ ኮሌጅ ገብቶ የመጨረሻ ከመባል፣ ማጀቴ ላይ አንደኛ እመቤት መሆን ይሻላል። አይደለም እንዴ ጋሽ አሊዪ?"

ቤቱ ሞልቶ ነበር። "በሉ እንጂ ዳኛው፣ ፍረዱ!" አለ የጭነት መኪና ሾፌሩ ሰይፉ፣ ብርጭቆውን በጣቱ እየመታ።

ፈለቀች ዘንቢሉን ታቅፋ መሬት መሬት ታያለች። ጋሽ አሊዪ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ሀይሉ አዩ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ሻይ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ሰው ፊት ማንቆርቆሪያ ሲያስቀምጡ ያየ የለም። ወደ ጓዳ ገብተው ሳፋውን እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ተሸክመው ወጡና፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ መንገዱ ላይ ደፉት። የፈሰሰው ነገር የሮቢ ወንዝ በነሐሴ የሚያመጣውን ይመስል ነበር።

"ሙሀባ! ሳሙና!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ "ጎንደር አንደኛ ናት" አሉ።

"ከመቼ ወዲህ?" አለ ሀይሉ።

"የአለማያው ጠጥቶ ሄደ። የአስመራው ጠጥቶ ሄደ። ስድስት ኪሎ እንኳ የተከራከረው ስለ ሻዩ ነው። ጎንበስ ብሎ ይሄን ሳፋ ያየ የጎንደር ልጅ ብቻ ነው። እውነቱን ነገረኝ፤ እኔ ተቀየምኩት። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ ጓዳዬን አላየሁም!"

ሾፌሩ ሰይፉ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ቆይ ጋሽ አሊዪ፣ ታዲያ እኛ እስከ ዛሬ ምን ስንጠጣ ነው የኖርነው?"

"አትጠይቁኝ።"

ቤቱ በሳቅ አበደ። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ አንድ እያለ ሰዉ ተነሣ። ሀይሉም ከንፈሩን በመሐረብ ሁለቴ ጠርጎ ወጣ። ያን ቀን ሻይ ያዘዘ አልነበረም፤ ጋሽ አሊዪ እጅጌያቸውን ሰብስበው ብርጭቆ ሲያጥቡ ዋሉ።

ፈለቀች ገበያ እስኪደርሱ ፊት ፊት ሄደች። ሽንኩርት ተራ ላይ ስትደርስ ቆመችና፣ "የሺ፣ ያ የአባባ ሻንጣ ቁልፉ ይሠራል?" አለች።

በማግስቱ አውቶብሱ ሲሞላ ጋሽ አሊዪ መስኮቱን እየደበደቡ ከሾፌሩ ጋር ይጨቃጨቁ ነበር። "መስኮት ጋ አስቀምጣት እንጂ! አንደኛ ኮሌጅ የሚሄድ ሰው መተላለፊያ ላይ ይቀመጣል?" አውቶብሱ አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ የሺ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ እሳቸው ዞረች። የሆዷን ሳታወጣ መሄድ አልሆነላትም።

"እሺ፣ የሀይሉ ስኳርስ?"

"እሱማ ጥርሱ እንዲያልቅ ነው" አሉ ጋሽ አሊዪ። "ድዱን ለሚያሳይ ሙሽራ ማን ልጁን ይሰጣል?"

እውነት ይሁን ውሸት የሺ እስከ ዛሬ አልቆረጠላትም። ይሄው ደረጃ ማውጣቱንም አልተዉትም። በቀደም የጎረቤታቸው የቃሲም ልጅ ባሕር ዳር ሲደርሰው ባሕር ዳር በማግስቱ አንደኛ ሆነች። የሺ በቁጣ ሻይ ቤቱ ሄደች። "ጎንደርስ?"

"ጎንደር ከደረጃ ወጥታለች፣ የሺዬ። እሷ አሁን ዳኛ ናት።" ጎንበስ ብለው የሕፃኗን ጉንጭ ነካ አደረጉ። "ለይቺ ግን የሚመጥናት ገና አልተሠራም። ሲሠራ አይቼ እነግርሻለሁ፣ ኢንሻላህ።"

ይሄንን ሲሉ ሻይ ቀዱላት። የሺ ሰውየውን ትወዳቸዋለች፤ አሁን ይሄን ብትክድ ልጇም ትታዘባታለች። ቢሆንም መውደድ ሌላ፣ ሳፋ ሌላ ነውና ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥታ ዙሪያውን አየችው።

"ጠጪ እንጂ!" አሉ ጋሽ አሊዪ ተቆጥተው። "እህትሽ ያሳጠበችኝ ብርጭቆ ነው!"