ኃይለመለኮት በ«ቅ» እና በ«ቆ» ላይ እንደ ዘመቱ

በዘመነ ማርቆስ፣ ጠላት ከተማችንን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ኃይለመለኮት በልደታው የከብት ሕክምና ቤት የበቅሎ ጠባቂነት ሹመት በተቀበሉበት ወራት እንዲህ ሆነ። እኒህ ኃያል ወጽኑዕ፣ እርግጫ የማያስደነግጣቸው፣ ኮቴ ጠራጊ፣ ልጓም አግቢ፣ ስማቸውን አንድ ቀን በሃሌታው ሀ፣ አንድ ቀን በሐመሩ ሐ፣ ሲቀናቸውም በብዙኃኑ ኀ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ሠራዊታቸውም አንካሳ በሬ፣ የሚያስሉ አህዮች፣ የወይዘሮ ወለተሰንበት ዶሮዎች፣ ከሁሉም በላይ ከውርንጭላነቷ ጀምረው ያሳደጓት የገዛ በቅሏቸው ዳማ ነበረች። ዳማን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዷት ነበር።

ወእምዝ መዓት ወረደ። ጣሊያኑ የከብት ሐኪም የዶሮዎቹን ቀለብ በአስተርጓሚ አዝዞ፣ ኃይለመለኮትም ትእዛዙን በሰሌዳ ጽፈው ቢሰቅሉት፣ ዶሮ ጠባቂዋ ወይዘሮ ወለተሰንበት ቀርበው ቢያነቡት «በቅሎው ተፈጭቶ ለዶሮዎቹ ይሰጥ» ይላል። በቆሎው ማለታቸው ነበር። ከጌጃ ሰፈር እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዳማንም ያየ ሁሉ የወፍጮ ቤቱን መንገድ ይጠቁማት ጀመር። ሳቁ ሐኪሙ ጆሮ በደረሰ ጊዜ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «የልደታ ንግሥ ሳይደርስ ፊደሉን ያላስተካከለ ሹመቱ ተገፎ እበት ጠራጊ ይሆናል።»

ኃይለመለኮት እጅግ አፈሩ፤ ግን እጅ አልሰጡም። ከሰል ታጥቀው፣ የጋጣውን ግድግዳ የጦር ሜዳ አድርገው፣ ከደጀ ሰላም ፊደል የለቀሙትን ወይዘሮ ወለተሰንበትን አማካሪ ሾመው ዘመቱ። ሁለቱን ሰ ከብበው ማረኩ፤ «መድኃኒት»ን ከብዙ ሽንፈት በኋላ ያዙ፤ «ቅ» እና «ቆ» ግን አልደፈር አሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮዋ የዶሮ ማባረሪያ ዘንጋቸውን አንሥተው አወጁ፦ «ስማ አንተ ኃይለመለኮት! ቆ አናቷ ላይ ቀለበት አላት፣ ቅ የላትም። ባለቀለበቱ በቆሎ ይበላል፣ ቀለበት የሌላት በቅሎ ትበላለች። ከእንግዲህ ብትስት ዶሮዎቼን ነው የምለቅብህ።» ከኃይለመለኮት ዓይን ቅርፊት ወደቀ፤ በቅሎ፣ በቆሎ፣ በቅሎ፣ በቆሎ እያሉ ግድግዳውን ሞሉት፤ ሐኪሙም በልደታ ደብተራ አስፈትኖ ሹመታቸውን አጸና።

ደስታው ውሎ ሳያድር፣ በንግሡ ማግሥት፣ ጠላት በአርበኞች ላይ ሊዘምት ፈልጎ የጭነት ከብት ቢያጣ፣ ሐኪሙ እንዲህ አስነገረ፦ «በዚህ ሰፈር በቅሎ ያለው ሁሉ ቅዳሜ ወደ ሜዳው ያምጣ። አዋጁንም ፊደል ያወቀው ኃይለመለኮት ይጻፍ።» የሄደች በቅሎ እንደማትመለስ ሁሉም ያውቃል። ኃይለመለኮት ብሩሽ ይዘው «በ»ን ጻፉ፤ እጃቸው እዚያ ላይ ቆመ። ዳማ ከኋላቸው ማጅራታቸው ላይ ትተነፍስ ነበር። ፈሩ፣ በጣም ፈሩ፤ እየፈሩም በሙሉ ዕውቀት ቀለበቲቱን አጠለቁ። አስተርጓሚውም አፍ እንጂ ፊደል አያውቅምና አመስግኖ ለጠፈው።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። ከሰፈሩ ሰዎች ሂርጳ በጆንያ፣ ዙሃራ በእንቅብ፣ የጌጃ ሰፈር ባልቴቶች በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው፣ አንድ ሽማግሌም ግማሹን በልተው ግማሹን ለመንግሥት አስቀርተው፣ ሁሉም በቆሎውን ይዞ ተሰለፈ። ሐኪሙ ፊቱ በርበሬ መስሎ በጮኸ ጊዜ፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ኃይለመለኮት ድሮም ይህችን ፊደል እንደማያውቋት መሰከረ፤ የዶሮዎቹንም ሰሌዳ አስታወሰ። አዋጁ ታርሞ እስኪለጠፍ በቅሎዎቹ ሁሉ፣ ባለቤቶቻቸው በሌሊት አስወጥተዋቸው፣ ዳማን ተከትለው ከሰበታ ወዲያ አልፈው ነበር።

ኃይለመለኮት ከሞት ቢተርፉም ሹመታቸው ተገፈፈ፣ መጥረጊያም ተሰጣቸው። ጠላት እስኪወጣም ድረስ፣ እንዳይነቃባቸው፣ ያን ያህል ደክመው የተማሩትን ፊደል በየቀኑ ተጠንቅቀው ይስቱ ነበር። ወይዘሮ ወለተሰንበት ግን እበት ሲጠርጉ አይተው፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ በዶሮዎቹ ጉባኤ ፊት አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ስሙ አባ ቆ ይባል።»

እኛም እንላለን፦ ፊደል ያወቁ ብዙ ናቸው፤ አውቀው የሳቱ፣ ስተውም በቅሎ ያዳኑ ግን አባ ቆ ብቻ ናቸው። ስማቸው በሦስቱም ሀ ይመስገን።