የሻንግ ነገሥታት አጥንት በሽንፋ

ነገን ሳያውቅ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ፍጡር ቢኖር የሰው ልጅ ነው፤ ገበሬም ሆነ ንጉሥ ለውጥ የለውም። እናንተ ተረጋግታችሁ ይሆናል፤ ሰሊጥ ስለሌላችሁ ነው። በሱዳን ጠረፍ፣ ሽንፋ ላይ ሰሊጥ ያለው ሰው በአጨዳ ሰሞን ሰማይ ሰማይ ሲያይ አንገቱ ሊጣመም ይደርሳል። ታስሮ ሜዳ ላይ የቆመውን ነዶ ዝናብ ከነካው ይጠቁራል፤ ገዢም ዘወር ብሎ አያየውም። ሳይደርቅ ካራገፉት ደግሞ ፍሬው ከቅርፊቱ አልወጣም ይላል። እና እንዴት ይቀመጣል?

አያ ሞላ መቀመጥ ካቆሙ ሰንብተዋል። እርሻችን ኩታ ገጠም ነው፤ እኔም ከታሪክ መምህርነቴ ጎን ትንሽ ሰሊጥ አለችኝ። ያን ዕለት ጠዋት ለሠራተኞቻቸው ፍየል አረዱና ሞራውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው አነበቡት። አልለየላቸውም። ወዲያ ይሄዳሉ፣ ወዲህ ይመለሳሉ፣ ከሱዳን በኩል የሚመጣውን ደመና ይራገማሉ።

አሳዘኑኝ። ላጫውታቸው ብዬ የጥንቶቹን ቻይናዎች፣ የሻንግ ነገሥታትን ነገር አነሳሁ። ንጉሡ ዝናብ ሲያስጨንቀው የበሬ ትከሻ አጥንት እሳት ያስነካና ስንጥቁን ያነባል፤ ጥያቄውንም እዚያው አጥንቱ ላይ ያስቀርጻል። መልስ ሰጪዎቹ የሞቱት አያቶቹ ናቸው። ጥርሱን ሲያመው እንኳ «የትኛው አያቴ ተቆጥቶ ነው?» ይላል። በኋላ ዡ የሚባሉ ጎረቤቶቻቸው መጡና «ሰማይ ፊቱን አዙሮባችኋል» ብለው ዙፋኑን ቀሟቸው። እኔ ለሳቅ ነበር ያወራሁት፤ አያ ሞላ ግን አልሳቁም።

«የትከሻ አጥንት ነው ያልከኝ?» አሉና የፍየሉን አጥንት ከሥጋው ለይተው ፍም ውስጥ ጨመሩት።

«ኧረ አያ ሞላ! እነሱ እኮ ካለፉ ሦስት ሺህ ዓመት ሆናቸው!»

«አጥንት ያው አጥንት ነው።»

ቷ! ብሎ ተሰነጠቀ። አመዱን እፍ ብለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «በል አንብብ። የተማርከው አንተ ነህ።»

ሠራተኞቹ ከበቡኝ። የሻንግ ንጉሥ ቢሳሳት ማን ይጠይቀዋል? እኔን ግን አያ ሞላ የዓመት ልፋታቸውን ይዘው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ጨነቀኝ። አጥንቱም እጄን ይለበልበኛል። ልገላገል ብዬ «አራግፉ! ዛሬውኑ!» አልኩ።

ሸራ ተነጠፈ፣ ነዶው ተገለበጠ፣ ተመታ። ሰሊጡ ጆንያ ውስጥ ገብቶ መጋዘን እንደተቆለፈበት ሰማዩ ተቀደደ። እንዲህ ያለ ዝናብ! አያ ሞላ በስብሰው እየሮጡ መጡና አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

«ተባረክ ልጄ! የአንተንስ መቼ አስገባኸው?»

የእኔማ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ ዝናቡን ይጠጣ ነበር። እኔ በአጥንት አላምንማ!