የሰፈር ምግብ ቤትና በሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ምግብ ቤት መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያዋጣል ወይ ብትሉኝ፣ ድሮ ቢሆን "አያዋጣም" ብዬ ዝም እል ነበር። ነገሬ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ አጭር። ዛሬ ግን ትንሽ ላስረዝመው፤ ቤቴ ውስጥ የደረሰ ነገር ነውና።

መናኸሪያ አጠገብ የተከፈተ ምግብ ቤት ምን ይቸግረዋል? ከጎባ የመጣው፣ ወደ ጊኒር የሚሄደው፣ የዲንሾ ብርድ አጥንቱ ድረስ የገባበት ሁሉ ርቦት ይገባል። የማን ባል እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ሰፈር ውስጥ ግን ሰው ሆዱን ብቻ ይዞ አይገባም። ሚስቱን፣ ጎረቤቱን፣ የዕድሩን ዳኛ ሳይቀር አስከትሎ ነው የሚገባው። እነሱ ባይታዩም አብረው ይቀመጣሉ።

ልጄ ብርቱካን አዳማ ሆቴል ወጥ ቤት ስትሠራ ቆይታ ወደ ሮቤ ስትመለስ፣ ሻንጣዋን አልጋዋ ሥር ከተተችው እንጂ አልፈታችውም። "አባባ፣ ሳሎኑን ይስጡኝና ምግብ ቤት ልክፈት። እስከ መስቀል ካልሆነልኝ ተመልሼ እሄዳለሁ" አለችኝ። ሰፈራችን ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ ባጃጅ እንኳ ተለምኖ የሚመጣበት ነው። "አይሆንም" ልላት ነበር። ሻንጣውን አየሁና "ክፈቺ" አልኳት። እንድትሄድብኝ አልፈልግም ለማለት ሌላ ቃል አላገኘሁም።

መጀመሪያ የገባው ጎረቤታችን ግርማ ነው፤ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ሽሮ በላ፣ ከፈለ፣ መርቆ ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚስቱን ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች ደጁን ሞልተውታል። አንዷ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛለች።

"እህቴ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?"

"ኧረ ምንም አላመመኝም።"

"ታዲያ ባልሽ ምን ሆኖ ነው ውጭ የበላው?"

ሴትየዋ ሙሉ ጀሪካን አንስታ ብታሳያቸውም አላመኗትም። አጥሚቱን ጠጥታ ነው ከእነሱ የተገላገለችው። ግርማ ከዚያ ወዲህ በእኛ በር ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶው አጥር አዙሮ ሆነ።

እኔም ልጄን ልርዳት ብዬ ቆረጥኩ። ባዶ ቤት ማንም አይገባም፤ ስለዚህ ከስንዴ ማሳዬ ስመለስ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ምሳዬን እዚያ መብላት ጀመርኩ። ሰው እኔን ሲያይ ይገባል አልኩ። ገባም።

እንግዲህ የእናንተን ቤት አላውቅም፤ እኔ ግን እየበላሁ ሰው ከመጣ "እንብላ" ሳልል መጉረስ አልችልም። አባቴ ይህችን ቃል ያስተማረኝ በዱላ ነው። ጎረቤቴ ሁሴን ምሳ ሊያዝ ብቅ ሲል "እንብላ" አልኩት።

"ይብሉ፣ ኦቦ ተሰማ።"

"ኮቱ፣ ና ቅረብ።"

ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ የአፍ ነገር ነው፤ ሰው "ይብሉ" ብሎ ያልፋል። እኔ ግን የተቀመጥኩት በገዛ ሳሎኔ ነው። የቤቱ አባወራ ቅረብ ሲለው እምቢ ብሎ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ሮቤ ውስጥ ገና አልተወለደም። ሁሴን ታጥቦ ቀረበ። ከኋላው የመጣውም ቀረበ። ሲጎድል "ጨምሪ" እላለሁ፤ ልጄ ትጨምራለች። ቤቱ ሞላ። እኔም እንዲህ ነው ሥራ ብዬ ኮራሁ።

አንድ ቀን ብርቱካን ከጓዳ ወጥታ ፊቴ ቆመች።

"አባባ፣ ዛሬ ሰው ነበር?"

"ሞልቶ።"

"ያዘዘ አለ?"

አሰብኩ። "ሁሴን ሚጥሚጣ አዟል" አልኳት።

"ከነገ ጀምሮ እዚህ አይቀመጡ" አለች። አነጋገሯ የእኔኑ ይመስላል። ሲመሽ ሻንጣዋ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አየሁት።

በማግስቱ ሚስቴ ምሳ አልሠራችም። "ልጅህ ምግብ ቤት ከፍታ እኔ ለምን በጭስ እጠበሳለሁ?" አለች። መባረሬን አልነገርኳትም። ርቦኝ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ፤ እዚያም እንደ እኛው በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተከፈተ ምግብ ቤት አለ። የሚያውቀኝ የለም፣ ሚስቴም አትታመምብኝም ብዬ ገባሁ። በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጨጨብሳ ይዘው ተቀምጠዋል።

"እንብላ" አሉኝ።

"ይብሉ።"

"ቤቴ ነው እኮ" አሉ፣ ቆጣ ብለው።

ቀረብኩ። ጨጨብሳው ጥሩ ነው። የጓዳው በር ላይ አንዲት ወጣት ወገቧን ይዛ ታየናለች። ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ።

"ልጅዎ ናት?"

"ናት። አላዋጣኝም፣ እሄዳለሁ ትላለች።"

ጨጨብሳውን ጨረስን። እጄን ታጥቤ ስነሳ "ነገ ምሳዎን እኛ ሰፈር ይምጡና ይብሉ" አልኳቸው።

"ግብዣ ነው?"

"አይደለም። ይከፍላሉ።"

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ብልግና ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሽማግሌው ግን ወደ ልጃቸው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እርስዎም ከነገ ጀምሮ ይከፍላሉ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው እኛ ዘንድ ይበላሉ፣ እኔ እሳቸው ዘንድ። ሁለታችንም "እንብላ" ማለቱን አልተውንም፤ ነገር ግን በሰው ቤት ስለሆንን ሰው "ይብሉ" ይለንና የራሱን ያዛል። የሰፈራቸውም ሰው እሳቸውን ተከትሎ ወደ እኛ ይወርዳል፤ የእኛ ሰው ወደዚያ ይወጣል። ባለፈው ግርማን እዚያ አገኘሁት፤ ጥግ ይዞ ሽሮ ይበላል። ሚስቱ እንዴት ናት ብዬ አልጠየቅኩትም።

ስለዚህ ምግብ ቤት መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያዋጣል። ሰፈሩ የበላተኛው እስካልሆነ ድረስ።

መስቀል አለፈ። ሻንጣው ተመልሶ አልጋ ሥር ገብቷል። ብርቱካን ገበያ በሄደችበት ጎተት ባደርገው ከበደኝ። ልብሷን ዛሬም አላወጣችም ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩና ከፈትኩት። የሽሮ ዱቄትና ምስር ነው፤ በፌስታል በፌስታል ታስሯል። አይጥ እንዳይደርስበት ይሆናል።

መልሼ ገፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።