ባቡር ያስቆመ እንቁላል

በዚህ አገር ትልቁ ባለሥልጣን ማን ይመስላችኋል? ደጃዝማቹ? የጣቢያው ሹም? ተሳስታችኋል። «አማረኝ» ያለች እርጉዝ ሴት ናት! አምሯት የቀረባት ነገር በልጁ ገላ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል ስለሚባል፣ ያንን በነፍሱ መሸከም የሚፈልግ ሰው የለም። ንፉጉ እንኳ እጁ ይፈታል።

እኔ ያኔ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ተረካቢ ነበርኩ። ባለቤቴ ዘነበች የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ከእህል ጋር ተጣላች። ያቀረብንላትን ሁሉ ትገፋዋለች። ፊቷ ገርጥቶ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ሳያት ሆዴ ይባባል። እውነቴን ነው፣ ፈርቼ ነበር።

የምትበላውን የሚወስኑት ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ናቸው፤ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ያዋለዱ፣ ቁጣቸው ከባቡሩ ጡሩምባ ቀድሞ የሚሰማ ሴትዮ። ወተት ከለከሉ፤ ሕፃኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል። ገንፎም እንደዚያው። እንቁላል ደግሞ ልጁን ያገዝፈውና ምጥ ያስቸግራል። ዶሮዎቻችን ግን ይህን አዋጅ ስላልሰሙ በየቀኑ ይጥላሉ። ታዲያ ማን ይብላው? ግዴታዬን ተወጣሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ! ጠዋት ጠዋት ዘነበች ትጠብስልኝና ፊቷን አዙራ ትቆማለች። እኔ ሽታው አስጠልቷት መስሎኝ ቶሎ ቶሎ እጎርስላታለሁ።

አንድ ቀን ምሳዬን ይዛ፣ እትዬ ስንዱም ደግፈዋት ጣቢያ መጡ። የድሬዳዋው ባቡር ቆሟል። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ነጋዴ የተቀቀለ እንቁላል ልጦ በሚጥሚጣ እያጠቀሰ ይበላል። ዘነበች ቀጥ ብላ ቆመችና «ሸተተኝ» አለች። ይሄኔ ባቡሩ ጡሩምባውን ነፍቶ ተንቀሳቀሰ።

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን እያውለበለቡ፣ አቁሙት፣ ልጅቷ አምሯታል እያሉ ሐዲዱን ይዘው ሮጡ። ራሱ አርፍዶ መጥቶ ሌላውን የማይጠብቀው ባቡር፣ ለመኳንንት ያልቆመው ባቡር፣ ለእንቁላል ቆመ! ነጋዴው ደንግጦ ገምጦ የያዘውን ሳይቀር በመስኮት አቀበለ። ሌላውም ተሳፋሪ የሸተታት የኔ ምግብ ቢሆንስ እያለ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ ብርቱካኑን ያወርድ ጀመር። ነጂው ራሱ ምሳውን ይዞ ወረደ። ይሄን ሕዝብ ይባርከው! ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ዘነበች ዓይኗን ከእንቁላሉ አልነቀለችም፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። እትዬ ስንዱን ታያለች። ባቡሩ ሙሉ ሰውም እትዬ ስንዱን ያያል። ቢከለክሉ ምልክቱ አለ፣ ቢፈቅዱ የገዛ አዋጃቸው ሊፈርስ ነው። ምን ይዋጣቸው?

እሳቸው ላባቸውን ጠረግ አደረጉና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ እኔ የከለከልኩት ያላማራትን እንቁላል ነው አሉ። ስሙልኝማ! እንዲህ የሚፈርድ ዳኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘነበች እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጣ በላች፤ ደገመች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስታላምጥ ሳያት፣ ሹሙ ፊት እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት እንቁላሌ ቀርቦልኝ እጄን ልሰድ ስል፣ ከጓዳ «ሸተተኝ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሕግ ሕግ ነው፤ ሳህኑን አንስቼ እወስድላታለሁ። ልጃችን በሰላም ተወለደች። ገላዋ ላይ አንዲት ነጥብ የለባትም። የቀረ አምሮት ምልክት ያወጣል የሚባለው እውነት ከሆነ ግን፣ እባካችሁ እኔን ገልጣችሁ ፈትሹኝ።