ሰው ሲሞት ብቻ የሚመጣው ኔትወርክ

እናንተ ሰፈር ኢንተርኔት በምንድን ነው የሚመጣው? በገመድ ነው? በአየር ነው? እኛ ሰፈር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚመጣው በሬሳ ነበር። አትቆጡኝ፣ እውነቴን ነው። ሰው ካልሞተ ኔትወርክ የለም።

እንዴት እዚህ ላይ እንደደረስን ላውጋችሁ። ሰፈራችን ከዲላ ወደ ወናጎ ሲወጣ ካለው ኮረብታ ጀርባ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ነው። እንሰቱና ቡናው ጣሪያችንን ስለሸፈነው ከላይ ሲታይ ሰው የሚኖርበትም አይመስልም። ልምላሜውን የሚያደንቅ እንግዳ ሞልቷል። ስልክ ሊደውል ሲሞክር ግን አድናቆቱ ቶሎ ይበርድለታል። እኛ ለመደወል ኮረብታውን እንወጣለን። እላይ ከደረስን በኋላ ደግሞ ለየብቻችን ጥቅል እንገዛለን፣ ለየብቻችን ስልካችንን ወደ ሰማይ እናነሳለን፣ ለየብቻችን እንራገማለን።

ይኼ ለየብቻ የሚባል ነገር ደሜን ያፈላዋል። እስቲ አስቡት። ምንጫችንን ያጎለበትነው አብረን ነው። በጓሯችን መሀል የሚያልፈውን መንገድ የጠረግነው አብረን ነው። ለሰፈር ሰው ሁሉ ወጥ የሚሠራበትን ያን ትልቅ ድስት እያንዳንዳችን ቤት አላስቀመጥንም፤ በእድር ገዝተን ሁላችንም እንሠራበታለን። ታዲያ ኢንተርኔት ሲሆን ምን ነካን? ይኼን ነገር እንደ ጥርስ መፋቂያ ለየራሳችሁ ያዙ ያለን ማን ነው?

በእድሩ ስብሰባ ላይ ይኼንኑ ተናገርኩ። እኔ የእድሩ ንብረት ያዥ ነኝ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ያለበት መጋዘን ቁልፍ የሚያድረው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ቁልፍ የያዘ ሰው ሲናገር ትንሽ ይደመጣል። በዚያ ላይ ያን ሰሞን አንድ ጎረቤታችን አርፈው፣ ሩቅ ያሉት ልጆቻቸው ሳይሰሙ ተቀብረው፣ ሁላችንም አፍረን ነበር። ስለዚህ ሐሳቤ ያለ ክርክር አለፈ። ከእድሩ ገንዘብ የዋይፋይ ሳጥን ከነአንቴናው ተገዛ። መብራት የሚዘረጋልን ታደሰ፣ አንቴናው ከፍ ያለ ነገር ላይ ካልተሰቀለ አይሠራም አለ። ከእድሩ ንብረት ሁሉ ከፍ ያለው ምንድን ነው? የድንኳኑ የመሀል ምሰሶ ነዋ! ብረት ነው፣ ረጅም ነው። ታደሰ ሌባ እንዳይነቅለው ብሎ አንቴናውን በብየዳ አጣበቀው። ሁላችንም አጨበጨብን።

ጥፋቱን አያችሁት? እኛ አላየነውም።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ከበደ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ደንብ ይወዳሉ። እኔ በማግስቱ ምሰሶውን ላወጣ ስል መጋዘኑ በር ላይ አስቆሙኝ። የእድር ድንኳን የሚወጣው ለለቅሶ ብቻ ነው አሉኝ። ምሰሶው የድንኳኑ ነው፣ አንቴናው የምሰሶው ነው፣ ስለዚህ አንቴናውም የሚወጣው ለለቅሶ ብቻ ነው። ልስቅ ስል እሳቸው አልሳቁም። እንግዲያው አንቴናውን ነቅለን ሌላ ቦታ እንስቀለው ብል፣ የእድር ንብረት ማፍረስ ያስቀጣል ተባልኩ። ጉባኤውም ደንብ ከተጠቀሰ በአዎንታ ራሱን መነቅነቅ ልማዱ ነው። በዚህ ዓይነት ኢንተርኔታችን ከድስቱ ጋር ተቆለፈበት።

ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤቶቻችንን ብታዩ! ድሮ ለቅሶ ድረሱ ሲባሉ ራሴን አመመኝ የሚሉ ተማሪዎች፣ ድንኳን ሳይተከል ደርሰው ካስማ ይመታሉ። ሦስቱን ቀን ንቅንቅ የለም። አንገታቸውን ሲደፉ ሐዘን የሰበራቸው ይመስላል፤ የደፉት ግን ስልክ ላይ ነው። አንዷ እዚያው ድንኳን ውስጥ የፈተና ውጤቷን አይታ እልል ልትል ስትል እናቷ አፏን በነጠላ አፈነቻት። የሽማግሌ ጤና የሚጠይቅም በዛ። ያ ሳልዎ እንዴት ሆነ? ይሉኛል። አልተሻለዎትም? ሲሉኝ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ተስፋ ደስ አላለኝም።

እኔስ እስላለሁ እንጂ ደህና ነኝ። የቸገረው አቶ በራሶን ነበር።

አቶ በራሶ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቡናቸውን ሲኮተኩቱ የኖሩ ሰው ናቸው። እግራቸውን ከተሰበሩ ወዲህ ኮረብታውን መውጣት አይችሉም። ልጃቸው ማርታ ቤይሩት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ይኼ ሳያንስ የዓይናቸው ብርሃን እየሄደ ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። እሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረችው ብርሃን ሳትጠፋ የልጃቸውን ፊት ማየት። ፎቶዋን በስልክ ይዘንላቸው ሄድን። ዳሰሱትና «ይሄ አይናገርም» ብለው መለሱልን።

በወሩ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰው ደግፏቸው መጡ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ዳኛ፣ እኔ እድር ከፍያለሁ ወይስ አልከፈልኩም?»

«ከፍለዋል እንጂ!» አሉ ጋሽ ከበደ።

«ስሞት ድንኳኑ እኔ ደጅ ይመጣል?»

«እንዴታ!»

«ኢንተርኔቱም?»

«አብሮ ነው።»

«ያን ጊዜ እኔ በምን ዓይን ነው የማየው?»

ጋሽ ከበደ ደንቡ እኮ ብለው ሲጀምሩ አቶ በራሶ አላስጨረሷቸውም። «ደንቡ ሞት ከፈለገ እኔ ሞቻለሁ! እሁድ ድንኳኔን ትከሉልኝ። ቀብሩ ይቆየኝ።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ከበደ ግን ሞት በሌለበት ድንኳን የሚያወጣ ሰው ከእድሩ ይሰረዛል አሉ። ይኼን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ከእድር መሰረዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ስትሞቱ የሚቀብራችሁ የለም። ግን ደግሞ ተናደድኩ። እኛ ከዚያ ወዲህ ምንም ለማይፈልግ ለሞተ ሰው ስንሯሯጥ፣ በሕይወት ያለው ሰው ደጃፋችን ላይ ልጁን ሳያይ ሊጨልምበት ነው? እኔስ ለእንዲህ ያለ እድር ምን ቁርጥ አድርጎኝ ነው የማዋጣው?

«ሰርዙኝ!» አልኩ። «ቁልፉ ግን እኔ ጋ ነው።»

እሁድ ከቸርች መልስ መጋዘኑን ከፈትኩ። ብቻዬን የምሆን መስሎኝ ነበር። ታደሰ መጣ፣ ተማሪዎቹ መጡ፣ ሴቶቹ ወንበር ተሸክመው መጡ። ምሰሶው ያለ ገመዱና ያለ ሸራው አልቆም ስላለን ድንኳኑን እንዳለ አቶ በራሶ ደጅ ተከልነው። ድንኳን ያየ መንገደኛ ሁሉ እያለቀሰ ይገባል። አቶ በራሶ አዲስ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል። «ግቡ፣ ግቡ፣ ሟቹ እኔ ነኝ» እያሉ እንግዳ ይቀበላሉ።

ተደወለ። ማርታ አነሳች። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አያያዙን ስለማላውቅበት መጀመሪያ ያሳየኋት ድንኳኑንና በየወንበሩ የተቀመጠውን ሰው ነው። የአባቷን ደጅ የት ታጣዋለች? «አባዬ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደንግጬ ስልኩን አዞርኩና አባቷ ፊት ደቀንኩት።

«አለሁ! ማርታ፣ አለሁ! ኔትወርክ ነው!» አሉ።

ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እሳቸው ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩዋት። «ከስተሻል» አሉ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እደብቃችኋለሁ? በዚያ ድንኳን ሥር ብዙ አልቅሻለሁ፤ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ከበደ አጥሩ ጥግ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወደ ውስጥ ገቡ። ሊሰርዙኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ የይለፍ ቃሉን በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የጋራ ነው፣ ምን አደርጋለሁ?

አመሻሹ ላይ ሸራው ወደ መጋዘን ተመለሰ፤ እውነተኛ ሟች ያስፈልገዋል። ምሰሶውን ግን ታደሰ ሲሚንቶ አፍስሶ እዚያው አቶ በራሶ ደጅ አቆመው። ለድንኳኑ ባህር ዛፍ ቆረጥንለት። አሁን ክፍያው ከእድር ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ይጠቀማል፣ ማርታ በየእሁዱ ትደውላለች። ተማሪዎቹ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው ያጠናሉ ይባላል። ስለ ሳሌ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፍቷል። እኔም አልተሰረዝኩም፤ ጋሽ ከበደ ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ነው ይላሉ።

ባለፈው ስብሰባ ታዲያ ደንቡ ትዝ አላቸው። የእድር ንብረት ያለ ገደብ በግለሰብ ደጅ ሊቆም አይችልም፣ አቶ በራሶ ምሰሶውን መቼ እንደሚመልሱ ለጉባኤው ያሳውቁ አሉ።

አቶ በራሶ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ስሞት» አሉና ተቀመጡ።